ሃሌታውና ሐመሩ

እኔ የሌላ ሰው ስህተት በዓይኔ ሥር ሲያልፍ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አመል ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት። የሰርግ መጥሪያ እንኳ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው የተጋቢዎቹን ስም ሳይሆን ቀኑ ከዕለቱ ጋር መግጠሙን ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ማሠልጠኛ ደመወዝ ክፍል ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት የአንድ ሰው ደመወዝ በእኔ እጅ ተዛብቶ አያውቅም፤ ይህንንም የሚጠይቀኝ ባይኖር እንኳ እናገራለሁ። ባልደረቦቼ «እንዳላማው ከተሳሳተ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ማለት ነው» ይላሉ። ቀልድ መሆኑ አልገባኝም ነበር። ምስክርነት ይመስለኝ ነበር።

እትዬ የኔዓለም የመዝገብ ቤታችን ተላላኪ ናት። ፋይል በብብቷ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ የማያያት የለም፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል ልብ ብሎ የሚያያት ሰው ያልነበረው። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው ብሎ ማኅደሯ ይናገራል። የዲማ ልጅ ናት፤ አባቷ የኔታ ወልደ ሰንበት እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ብቻቸውን በጎጇቸው ውስጥ ይኖራሉ። እሷም እዚህ ብቻዋን በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ትኖራለች።

ወር በመጣ ቁጥር ደመወዟን ልትፈርም ትመጣና ስሟ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ታቆማለች። «እንዳላማው፣ ዛሬም ዓይኔን አጠፋኸው» ትለኛለች። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ስሟን «የኔአለም» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሷ ደግሞ በዓይኑ ዓ ካልተጻፈ ስሜ አይደለም ባይ ናት። የቤተ ክህነት ሰዎች ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችን የሚለዩባቸው ስሞች አሏቸው። አንደኛውን አልፋው አ፣ ሌላኛውን ዓይኑ ዐ ይሏቸዋል። እኔ ይህን በልጅነቴ ሰምቼ ረስቼዋለሁ። «እትዬ፣ ብሩ በሁለቱም ያው ነው» እላታለሁ። ትፈርማለች፣ ትሄዳለች፣ በወሩ ተመልሳ ያንኑ ትለኛለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ተባብለናል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። መዝገቡ ወደ አዲስ ሲስተም ስለሚዛወር እያንዳንዱ ቀጣሪ የሠራተኞቹን ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የግብር መደብ በአንድ ዝርዝር ሞልቶ ይላክ ይላል። የግብር መደብ ማለት አንዲት ፊደል ናት። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሀ ይባላል፣ ቤት የሚያከራይ ለ፣ ነጋዴ ሐ። የእኛ ሰው ሁሉ ደመወዝተኛ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነበር። መቶ አርባ ሦስት ስም፣ መቶ አርባ ሦስት ሀ።

ረቂቁን አትሜ ሰው ስሙን እንዲያይ ቢሮዬ በር ላይ ለጠፍኩት። እትዬ የኔዓለም መጥታ ቆማ አነበበችና ወደ ውስጥ ገባች። ይህኛው ዝርዝር እንደ ወርኃዊው አይደለም፣ ለሁልጊዜ የሚቀመጥ ነው ሲባል ሰምታ ኖሯል። እባክህ ዓይኔን መልስልኝ አለችኝ። ያን ዕለት ደክሞኝ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ቸኩዬ ነበር፣ እሺ አልኳት። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ እሺ ነበረች። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሯን ከፍቼ፣ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼ፣ እንደ አዲስ ጻፍኩላትና ዝርዝሩን በዚያው ቀን ላክሁት። በራሴ ቸርነት ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐምሌ ሲገባ የሠራተኛው ሁሉ ወሬ የቤት ማኅበሩ ሆነ። እዚህ መሥሪያ ቤት ቤት የሌላቸው ሃያ አራት ሰዎች ተደራጅተው ቦታ ሊያገኙ ነው። የማኅበሩ ደንብ አባል የሚሆን ሰው ከደመወዙ በቀር ንግድ እንዳይኖረው ያዛል፤ ለዚህም ማስረጃው በግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ አንድ ወረቀት ነው። ዝርዝሩ አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ተጠባባቂዎች ስላሉ ቦታውን ያጣል።

እትዬ የኔዓለም ከሃያ አራቱ አንዷ ናት። ቤት የፈለገችው ለራሷ አይደለም፤ እሷ ሠላሳ ዓመት በሰው ግቢ መኖር ለምዳዋለች። አባቷን ልታመጣቸው ነው። የኔታ ባለፈው ክረምት ከጎጇቸው ወጥተው መንገድ ጠፍቷቸው ዝናብ ሲወርድባቸው ተገኝተዋል። አከራይዋ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አላስገባም ብላታለች። አባቴን ከዚህ ክረምት በኋላ እንዲያ ትቻቸው እንቅልፍ አይወስደኝም ብላ ለእኔ እንኳ፣ የሰው ጉዳይ ለማይገባኝ ለእኔ፣ ነግራኛለች።

ረቡዕ ዕለት የማኅበሩ ሰብሳቢ ወረቀቶቹን ከግብር መሥሪያ ቤቱ አምጥቶ በስብሰባ ላይ አነበበ። ሃያ ሦስቱ ደመወዝተኛ ናቸው። «የኔዓለም ወልደ ሰንበት፣ ነጋዴ» አለ። እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ የነገሩኝ እንደሆነ አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መንሾካሾክ ጀመረ። እስከ ከሰዓት በኋላ ወሬው እግር አወጣ። አምበር ላይ ሱቅ አላት ተባለ። ጉንደ ወይን ላይ ጤፍ ታስገዛለች ተባለ። አሮጌ ነጠላ የምትለብሰው ለማስመሰል ነው ያለም ነበር። ወረቀቱ ራሱ እጇ አልገባም፤ ሰብሳቢው ፋይል ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት።

ወደ እኔ ስትመጣ አላለቀሰችም። ባለፈው ዓመት ያልነበረ ነገር ዘንድሮ ከየት መጣ፣ ምን ተለውጦ ነው፣ እስቲ አንተ ታውቃለህና አስረዳኝ አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጠርጥሬያታለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በስሟ የንግድ ፈቃድ ያወጣ ዘመድ እንዳለ ጠየቅኳት። እኔ የምነግደው እግሬን ብቻ ነው፣ እሱንም ለመንግሥት ሸጬዋለሁ አለች። ከዚያ በኋላ መናደድ ጀመርኩ። የተናደድኩት ለእሷ አይደለም። እኔ የላክሁት ዝርዝር ላይ ሀ ብሎ የወጣን ሰው ነጋዴ የሚያደርግ ማን ነው? የእኔን ሥራ የሚያበላሽ ማን ነው? አርብ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ልክ ልካቸውን ነግሬያቸው እመጣለሁ አልኳት።

አርብ ዝናቡ ሌሊቱን አልቆመም ነበር። ጭቃውን እየዘለልን ስንደርስ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ተራችን የደረሰው ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ፍቅርአዲስ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ናት፤ ትሕትና ያላት፣ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትጠየቅ የዋለች። ቁጥሯን ሰጠኋት። ከዚህ በኋላ የሆነውን በጆሮዬ እንደገባ ነው የምጽፈው።

«መደቧ ሀ ነው» አለችኝ።

«ይኸው ሀ ናት። እኔስ ምን አልኩ?»

«አዎ፣ ሀ ናት። ስለዚህ ነጋዴ ናት።»

«እመቤቴ፣ ሀ ከሆነች እንዴት ነጋዴ ትሆናለች?»

«ሀ ስለሆነች ነዋ።»

ደሜ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግብር የቆረጥኩ ሰው ነኝ፣ ሀ ማለት ደመወዝ መሆኑን አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ አልኳት። እሷም ሕጉን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ የነገረችኝም ልክ እኔ የማውቀውን ነው። እንደገና ስለ እትዬ የኔዓለም ስንደርስ እንደገና ተጋጨን። ከኋላችን የቆመ አንድ ጎልማሳ ሁለታችሁም አንድ ነገር እያላችሁ ምን ያጣላችኋል፣ አሳልፉን እንጂ አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

እትዬ የኔዓለም ይህን ሁሉ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ትሰማ ነበር። ቀና አለችና ልጅቱን «የኔ ልጅ፣ እስቲ መስታወቱን ወደ እኔ አዙሪልኝ» አለቻት። ስክሪኑን ማለቷ ነው። ፍቅርአዲስ ደንቡ ባይፈቅድም አዘነችላት መሰለኝ አዞረችላት። እትዬ ጎንበስ ብላ አየች። ብዙ አላየችም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው የሦስት ቀን ጭንቀት ሲረግፍ አየሁት።

«ይኼ ሃሌታው ሀ አይደለም። ሐመሩ ሐ ነው» አለች።

እኔም ፍቅርአዲስም እኩል ጎንበስ አልን። እውነቷን ነው። የፊደሏ ቅርፅ ሌላ ናት። ሀ አይደለችም፤ ባለ ሦስት እግሯ ሐ ናት። ሁለታችንም አንዱን ድምፅ እያወጣን፣ እኔ በልቤ አንዱን ፊደል ይዤ እሷ በዓይኗ ሌላውን እያየች፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ጆሮ የማይለየውን ነገር ዓይን ለይቶት ቁጭ ብሏል።

እትዬ የኔዓለም ለልጅቱ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ድሮ እነዚህ ፊደሎች ድምፃቸው ለየብቻ ነበር፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ ግን ቀረ፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ እንዳይምታታ እያንዳንዱን በሚገኝበት ቃል ጠሩት፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ይህን ስትል ድምፅዋ ተላላኪዋ የኔዓለም የምትናገርበት ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሃሌታ ምስጋና ነው፤ ቆሞ የሚያገለግል ሰው ፊደል ነው። ሐመር መርከብ ነው፤ ዕቃ ይጭናል፣ ከወደብ ወደብ ይነግዳል። እኔን ሃሌታ ላይ ቆሜ ሳለሁ መርከብ ላይ ጫናችሁኝ። መርከብ ላይ የተገኘች ሴት ነጋዴ ብትባል ምን ያስገርማል?»

ሕጉን ያወጡ ሰዎች ይህን አስበው ፊደል እንዳልደለደሉ አውቃለሁ። እነሱ ሀ ለ ሐ መ ብለው በተራ ቆጠሩ እንጂ። ግን እዚያ መስኮት ፊት ቆሜ ጠጉሬ ቆመ። ስድስት ዓመት በየወሩ እጄ ሥር ስትፈርም የኖረች ሴት፣ እኔ ሰማንያ ጊዜ አስረድቼ የማልጨርሰውን በአራት ዐረፍተ ነገር ሰሙን ከወርቁ ለይታ አስቀመጠችው። ያ አሳልፉን ያለው ጎልማሳ ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፍቅርአዲስ ግን ሥራዋን አልረሳችም። ፊደሏን እኔ አልጻፍኳትም፣ ከእናንተ የመጣውን ነው የገለበጥነው አለችና የላክሁትን ዝርዝር አውጥታ በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። የእኛ ማኅተም፣ የእኔ ፊርማ። ጣቴን ከላይ ወደ ታች እያወረድኩ ሄድኩ። ሀ፣ ሀ፣ ሀ፣ ሀ። ዘጠና ስምንተኛው መስመር ላይ ሐ። ከዚያ እንደገና እስከ መጨረሻው ሀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱም አለቀቀኝም፣ እኔም ለጊዜው ሞኝነቴን አለቀቅሁም። ይህ በፍጹም የእኔ እጅ አይደለም፣ ሲስተማችሁ ነው አልኩ።

ልጅቱ በትዕግሥት መለሰችልኝ። ስህተቱ የሲስተም ነው ከተባለ ጉዳዩ ወደ ክልል ይሄዳል፣ ምላሹም ወር ሊፈጅ ይችላል። የቀጣሪው ሰው ስህተት ከሆነ ግን፣ የተሳሳተው ሠራተኛ በስሙ ፈርሞ፣ ኃላፊው አጽድቆ ደብዳቤ ካመጣ ዛሬውኑ ታስተካክለዋለች። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ከሩብ ሆኗል። ለእትዬ የኔዓለም የቀራት ከአምስት ሰዓት ያነሰ ነው፤ የምሳ ሰዓት ደግሞ አለ።

በባጃጅ ስንመለስ እንዲህ ያለውን ከየት ተማርሽው አልኳት። ለማውራት ያህል ነበር። ልጅ ሆና ለአባቷ ተማሪዎች ውኃ ታመላልስ ነበር። ተማሪው ከውስጥ ቅኔ ሲቀኝ፣ የኔታ ሲያርሙ፣ እሷ እንስራዋን አውርዳ ከግድግዳው ውጭ ትቀመጣለች። ሴት ልጅ ናትና ግቢ ያላት የለም፤ ሂጂ ብሎ የሚያባርራትም አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ቃል ሲስት ከውጭ ሆና ሳታስበው አረመችው። የኔታ ወጥተው ሊቆጧት ነው ስትል፣ «ከነገ ጀምሮ እንስራሽን ቤት ትተሽ ነይ» አሏት። ይህን ስትነግረኝ ወደ ውጭ ወደ ዝናቡ ታይ ነበር። መዝገብ ቤታችን ስንት ነገር አለበት ብዬ አሰብኩ፣ ማኅደሯ ላይ ግን ስምንተኛ ክፍል ብቻ።

ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ያለ ምክንያት የሚሆን ስህተት የለም፤ እኔ ከሆንኩ እንዴት እንደሆንኩ ማወቅ አለብኝ አልኩ። መስመሯን አጠፋሁና ያን ቀን እንዳደረግሁት እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። እትዬ ከኋላዬ ቆማለች። የኔ ብዬ ዓ ላይ ስደርስ እጄ ወደ ግራ ሄዶ አንዲት ቁልፍ ተጫነ።

«ያቺን ለምን ነካሃት?» አለችኝ።

ነገርኳት። በእኛ ማሽን አልፋው አ ያለ ምንም ድካም ይወጣል። ዓይኑ ዓ እንዲወጣ ግን ካፕስ ሎክ የምትባለው ቁልፍ መቆለፍ አለባት። ዓን ጻፍኩ፣ ለና ም ቁልፏ ብትቆለፍም ስለማይለወጡ ስሟን ጨረስኩ፣ የአባቷን ስም ከወርኃዊው ዝርዝር ገልብጬ ለጠፍኩ፣ ቁጥሯን ሞላሁ፣ ወደ መደቡ ሄድኩና ሁልጊዜ ሀ የምጽፍባትን ቁልፍ ነካሁ። ስክሪኑ ላይ ሐ ወጣች። ቁልፏን መክፈት ረስቼ ነበር። ያኔም ረስቼ ነበር፤ አሁንም፣ እያወቅሁ፣ ረሳሁ።

ሁለታችንም ፊደሏን እያየን ቆየን። እኔ ፈራሁ፤ ሌላ ቃል አላገኝለትም። ስድስት ዓመት ዓይኗን ስነፍጋት አንዳች ነገር አልደረሰባትም። አንድ ቀን፣ እየተነጫነጭኩ፣ ሳላከብረው፣ ዓይኗን ስሰጣት፣ ያው የሰጠሁበት ቁልፍ ከሃሌታዋ አንሥቶ መርከብ ላይ ጣላት። የፊደል ነገር ቀልድ ነው ባይ ነበርኩ። ቀልድ እንዳልሆነ አንዲት ፊደል ሄዳ ሌላዋን ጠርታ አሳየችኝ። ፊደሎች የሚተዋወቁ መሰለኝ።

እትዬ የኔዓለም አልተቆጣችም። «አየህ፣ ዓይኔን ስትመልስልኝ የራስህን ጨፍነህ ነበር» ብቻ አለች።

ደብዳቤውን ልጽፍ ስል መብራት ሄደ። ወረቀት አወጣሁና በእጄ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «በአሠራር ችግር ምክንያት» ይል ነበር። ቀደድኩት። ሁለተኛው «በኮምፒውተር ቁልፍ ብልሽት» ይል ነበር። ይህን ስጽፍ ቀና ብዬ አየኋት፤ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ዝናቡን ታያለች፣ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችም። አባቷ መንገድ ጠፍቷቸው ዝናብ ላይ ሲቆሙ ታየኝ። እሱንም ቀደድኩት። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «እኔ እንዳላማው ታረቀ፣ የባልደረባዬን የወይዘሮ የኔዓለምን የግብር መደብ በራሴ ግድየለሽነት ተሳስቼ ጽፌያለሁ። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።» ትክክለኛው መደብ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሕፃን ሆኜ ሀ ብዬ ፊደል ስቆጥር የመጀመሪያዋ ናት፤ አሁን ግን ቅርጿ ጠፋኝ። ሃሌታው ስንት እግር አለው ብዬ ጠየቅኳት። መጥታ ጠረጴዛው አቧራ ላይ በጣቷ ጻፈችልኝ። ያንን አይቼ ገለበጥኩት።

ኃላፊያችን አቶ ምስጋናው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። እንዳላማው ተሳሳተ የሚለውን ለማመን ይመስለኛል። ማስጠንቀቂያ በማኅደሬ እንደሚገባ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ፈገግታውን ለመደበቅ ብዙ አልደከመም። ፈርሞ ማኅተም አደረገበት። እስከ ማታ ወሬው ግቢውን እንደሚያዳርሰው አውቃለሁ። ፀሐይ በምዕራብ ወጥታለች።

ኮሪደሩ ላይ ደብዳቤውን ሰጠኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። ሰውን ይቅርታ መጠየቅ አልለመድኩም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያመኝ ነበር። እሷ በግዕዝ አንዲት ቃል መለሰችልኝ። በጆሮዬ «መሀርኩከ» የምትል ሆና ገባች። ምን ማለት ነው አልኳት።

«በሃሌታው ከሆነ አስተማርኩህ ማለት ነው። በሐመሩ ከሆነ ማርኩህ ማለት ነው።»

«የትኛውን ነው ያልሽኝ?»

«ሁለት ፊደል ያስፈለገው እኮ ለዚህ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዝናቡ ወጣች። ተከተልኳት።

ፍቅርአዲስ ቃሏን ጠበቀች። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደብዳቤውን ተቀብላ፣ ስክሪኑን ሳትጠየቅ ወደ እትዬ የኔዓለም አዙራ፣ «እማማ፣ ይህችኛዋ ናት?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬም «ናት» አለች። ወረቀቱ ታተመ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ካርባ ነበር፤ በአንድ ቀን ነጋዴ ሆነሽ በአንድ ቀን ከሠርሽ ብሎ ሊቀልድ ሲል የእኔን ፊት አይቶ ተወው። ስሟን በሃያ አራተኛው መስመር ላይ ጻፈ። በአልፋው አ ጻፈው። እኔ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ በዓይኑ ዓ አረምኩት። እትዬ የኔዓለም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

እዚያው በረንዳ ላይ ሆና ስልክ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆረጠ ሦስቴ ሞከረች፤ በመጨረሻ አንድ ጎረቤት ስልኩን ለየኔታ አቀበላቸው። ተሳክቷል አባዬ፣ ቤቱ ሲያልቅ መጥቼ እወስድዎታለሁ አለቻቸው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ከሀ እስከ ሐ ስትነግራቸው ሳቃቸው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ትንሽ ቆይታ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች። ያንን ሰው አቅርቢልኝ ብለዋል አለችኝ።

ስልኩን ስይዝ ቆሜ ነበር፤ ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ድምፃቸው ቀጭን፣ ግን የጠራ ነው። ስለ ደብዳቤው መረቁኝ። ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ።

«እንዳላማው ነኝ፣ የኔታ።»

ስሜን ቀስ ብለው ደገሙት።

«በዓይኑ ነው በአልፋው?» አሉኝ።

የኔታ፣ ከመነሻዋ እ በቀር በስሜ ውስጥ አልፋም ዓይንም የለም አልኳቸው። ፊደል በፊደል ቆጠርኩላቸው፤ እ፣ ን፣ ዳ፣ ላ፣ ማ፣ ው። እንደ ተማሪ እየቆጠርኩ መሆኔ ገባኝና አፈርኩ።

«አለ እንጂ ልጄ። ስምህ እንደ ዓላማው ነው። ሲያጥፉት ዓይኑን ዳ ዋጠችው። እኔ ዓይኔ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያንተን ግን ከዚህ ሆኜ አየሁት። ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ፣ ያኔ አሳይሃለሁ።»

እሺ የኔታ አልኩ። ስልኩን ለልጃቸው መለስኩላትና ወደ ደረቴ አየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስህተት ስፈልግ ስኖር በአንገቴ የተንጠለጠለው መታወቂያ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፎ ነበር፤ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ኖሯል።